የትኛው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይበረታል? ከባሮ አሸዋ እስከ ባሕረ ሐሳብ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የኮምፒዩተር ትምህርት ከሚከታተሉ ወጣቶች አዘውትሮ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ፓይተን ይሻላል ወይስ ጃቫ? ሲ ፕላስ ፕላስ ከሁሉም ይበረታል የሚባለውስ እውነት ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው የተማሪዎች ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ሶፍትዌር ለማሠራት ሲነሡ ከሥራው ዓይነት ይልቅ የቋንቋውን ስም ያስቀድማሉ። በደህና ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም «ቋንቋው አሮጌ ነው» በሚል ምክንያት ብቻ ተጥሎ፣ በምትኩ የመጣው አዲሱ ሥራውን በቅጡ ሳይችለው ሲቀር አይቻለሁ። ይህ እንግዲህ ጊዜና ገንዘብ የሚያስከፍል ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ «ይበረታል» ሲባል ምን ማለት ነው? እንደ እኔ አስተያየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተደባለቁ ነው። አንደኛው በቋንቋው ምን ምን ማስላት ይቻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ያንኑ ለማስላት ምን ያህል ድካም፣ ጊዜና ወጪ ይጠይቃል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሒሳብ ሊቃውንት የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሳይሠራ ገና መልስ አዘጋጅተውለት ነበር። መልሱም በተለምዶ የምንጠቀምባቸው ሁለገብ ቋንቋዎች በሙሉ እኩል ናቸው የሚል ነው። አንዱ ሊያሰላው የሚችለውን ሌላውም ያሰላዋል፤ አንዱ የማይችለውን ሌላውም አይችለውም።

ጉድጓድና ጠጠር

በበጋ ወራት ባሮ ሲጎድል ከዳርና ከዳሩ አሸዋ ይወጣል። በዚያ አሸዋ ላይ ጥቂት ጉድጓዶች ብንጭርና አንድ እፍኝ ጠጠር ብንይዝ ስለ ስሌት ንድፈ ሐሳብ ለመነጋገር የሚያስፈልገን ዕቃ ተሟላ ማለት ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሜልዛክ እና ዮአኪም ላምቤክ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በአንድ የካናዳ የሒሳብ መጽሔት ላይ ተከታትለው ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራው ስሌት በጉድጓዶችና በጠጠሮች ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ላምቤክ የፈቀዳቸው ትእዛዞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከተባለው ጉድጓድ አንድ ጠጠር ጨምርና ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ እለፍ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጉድጓዱ አንድ ጠጠር አውጣ፣ ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ግን ወደ ሌላ ትእዛዝ ሂድ የሚል ነው። ሌላ ነገር አያስፈልግም። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ማርቪን ሚንስኪ ቁጥሮቹ በተስማሚ መንገድ እስከተቀመጡ ድረስ ሁለት ጉድጓድ ብቻ እንደሚበቃ አረጋግጧል። ጠጠሩ እንዳያልቅና ጉድጓዱ እንዳይሞላ ብቻ ነው ግዴታው።

ገበጣ የተጫወተ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በውጭ አገር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ደግሞ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚታወቅ ዘዴ አለ። ታሪኩን ሲያወሩ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች በጉድጓድና በጠጠር ይሠሩበት ነበር ይላሉ። ዘዴው የኛ ብቻ አይደለም፤ እጥፍ እያደረጉ ማባዛትን ጥንታዊ ግብፃውያን በፓፒረስ ላይ ጽፈው ትተውታል፤ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚሉትም አሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። 13ን በ24 ለማባዛት በአንድ በኩል 13ን እያጋመሱ ትርፉን መጣል ነው፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። በሌላ በኩል 24ን እጥፍ ማድረግ ነው፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይሆናል። በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር ለሁለት የሚካፈልበትን መስመር፣ ማለትም የ6ን፣ መሰረዝ፤ የቀረውን መደመር ነው። 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አላስፈለገም።

ሮዜታ ኮድ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ድረ ገጽ ይህንኑ ስሌት በስሙ መዝግቦ በበርካታ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች እንዲጻፍ አድርጓል። ያንን ገጽ ወደ ታች እየሳበ ያየ ሰው የንድፈ ሐሳቡን መልስ በዓይኑ ያየዋል። አንዱ ቋንቋ በሦስት መስመር የጨረሰውን ሌላው ሙሉ ገጽ ይፈጅበታል። በሁሉም ግን 13 በ24 ሲባዛ 312 ነው።

እኩልነቱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1936 ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሳይመካከሩ «ማስላት ማለት ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አሳተሙ። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ማለቂያ በሌለው ጥብጣብ ላይ ምልክት እየጻፈችና እየሰረዘች የምትሄድ ምናባዊ ማሽን አቀረበ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች ደግሞ ማሽን የሚባል ነገር የሌለበት፣ ቀመር በቀመር ውስጥ እየተካ የሚሄድ «ላምዳ» የተሰኘ የአጻጻፍ ሥርዓት ነበረው። ሁለቱ በመልክ አይገናኙም። ሆኖም ቱሪንግ ራሱ አንዱ የሚያሰላውን ሌላውም በትክክል እንደሚያሰላ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የቀረቡት አሳማኝ አማራጮች ሁሉ፣ የላምቤክን ጠጠሮች ጨምሮ፣ ከዚያው ድንበር አላለፉም።

የዛሬ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች የእነዚህ ሁለት ቤተሰቦች ዘሮች ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ፎርትራንና ከእርሱ በኋላ የመጡት እነ ሲ «ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን አድርግ» የሚሉ በመሆናቸው ወደ ቱሪንግ ማሽን ያዘነብላሉ። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሠራው ሊስፕ የአጻጻፍ ምልክቱን ከቸርች ወስዷል። ፓይተንና ጃቫ ስክሪፕት ከሁለቱም ቀላቅለዋል።

እዚህ ጋምቤላ ይህን ለማስረዳት ብዙም አልቸገርም። የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ኑዌርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ አንድን «ከል»፣ ሁለትን «ረው» ይላሉ። ስድስት ሲደርሱ «ባከል»፣ ሰባት ሲደርሱ «ባረው» ይላሉ። አምስት ላይ ሲደርስ ቆጠራው እንደገና ከአንድ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። አማርኛ ግን ለስድስትና ለሰባት ራሳቸውን የቻሉ ስሞች አሉት። ስያሜው ይለያይ እንጂ በጋጣው ውስጥ ያሉት ከብቶች ሰባት ናቸው። በኮምፒዩተር ዓለምም አስተርጓሚ አለ፤ ኮምፓይለር ይባላል። ከሰው አስተርጓሚ የሚለየው የቃሉን ለዛ ሳይሆን የስሌቱን ውጤት ሳያዛንፍ የማሻገር ግዴታ ስላለበት ነው።

የኃይል ዋጋ

ይሁን እንጂ እኩልነቱ በነፃ የመጣ አይደለም። ቱሪንግ በዚያው ጽሑፉ ላይ ሁሉንም ማስላት የሚችል ማሽን የማያመልጠው ጉድለት እንዳለበት አረጋግጧል። ጉድለቱ በዘመናችን አነጋገር፣ ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ «ይህ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል» ወይም «ይህ ለዘላለም ይሽከረከራል» ብሎ ያለ ስሕተት የሚፈርድ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም የሚል ነው። ማስረጃው አጭር ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ አለ እንበል። ዳኛውን በውስጡ ይዞ ስለ ራሱ የሚጠይቅ፣ ከዚያም የተፈረደበትን ተቃራኒ የሚያደርግ ፕሮግራም እንጽፋለን። «ይቆማል» ሲባል ይሽከረከራል፣ «ይሽከረከራል» ሲባል ይቆማል። ዳኛው የቱንም ቢፈርድ ተሳስቷል። (እዚህ እኛ ዘንድ ፕሮግራሙን ቀድሞ የሚያቆመው መብራት መጥፋት ነው የሚሉ ቀልደኞች አሉ፤ ንድፈ ሐሳቡ ግን መብራት አይጠፋም ብሎ ነው የሚነሣው።)

ነገሩ ረቂቅ ከመሰለ ወደ ጠጠሮቻችን እንመለስ። በ«ኢትዮጵያ ማባዛት» የግራው ቁጥር በየጊዜው ስለሚጋመስ ተራው ማለቁ አያጠራጥርም። አሁን ደንቡን ትንሽ እንለውጠው። ቁጥሩ ለሁለት ከተካፈለ አጋምሰው፤ ካልተካፈለ በሦስት አባዝተህ አንድ ጨምርበት፤ 1 ላይ ስትደርስ አቁም። በ6 ብንጀምር 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብሎ ያልቃል። በ27 ብንጀምር ግን እስከ 9232 ከወጣ በኋላ በ111ኛው እርምጃ ነው 1 ላይ የሚደርሰው። በየትኛውም ቁጥር ብንጀምር ያልቃል ወይ? ጥያቄው ከጀርመናዊው ሎታር ኮላትስ ስም ጋር ተያይዞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ እጅግ ግዙፍ እስከሆኑ ቁጥሮች ድረስ በኮምፒዩተር ተሞክሯል። እስካሁን አላልቅ ያለ ቁጥር አልተገኘም፤ ሁልጊዜ እንደሚያልቅ ግን ያረጋገጠ የለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ኮንዌይ ይህን የመሰሉ ደንቦች በጥቅሉ ሲወሰዱ ማለቅ አለማለቃቸውን የሚወስን አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አሳይቷል። ሁለቱም ስሌቶች የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ቋንቋ ነው፤ በፕሮግራም ሲጻፉ እያንዳንዳቸው አምስት ስድስት መስመር ናቸው። አንዱ ማለቁ የታወቀ ነው፣ ሌላው ግን አልታወቀም።

ባሕረ ሐሳብ

ታዲያ ሁሌም የሚያልቅ ስሌት ብቻ የሚጻፍበት ቋንቋ ማበጀት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ምሳሌውን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ ስልተ ቀመር ነው። በኢትዮጵያ ደብተራዎችና መምህራን ዘንድ በቃል ሲሰጥ የኖረ ፕሮግራም ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የ2017 ዓ.ም. ፋሲካን እናውጣ። 5500 እና 2017 ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 11፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ ስሌቱን የሳተ ተማሪ ወዲያው ይታወቅበታል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው በመስከረም ስለሆነ መስከረም 29 ሆነ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፣ ሠላሳው ሲነሣ 3 ይቀራል። ሠላሳን በማለፉ ጾመ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ተሻግሮ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ ሁለት ወር ከ9 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «እንዲህ እስኪሆን ድረስ ደጋግም» የሚል ትእዛዝ የለም። መደመር፣ ማባዛት፣ መግደፍ፣ «ከ14 ከበለጠ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚል ምርጫ ብቻ ነው ያለው። መግደፍን እንደ ተደጋጋሚ መቀነስ ብንቆጥረው እንኳን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ገና ሳይጀመር ይታወቃል። ስለዚህ የትኛውም ዓመት ቢሰጠው ባሕረ ሐሳብ አይሰቀልም።

እ.ኤ.አ. በ1967 አልበርት ሜየር እና ዴኒስ ሪቺ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን የመሰለውን ቋንቋ በንድፈ ሐሳብ መረመሩት። በቋንቋቸው መደጋገም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የድግግሞሹ ብዛት መደጋገሙ ከመጀመሩ በፊት ተቆርጦ መታወቅ አለበት። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ማንኛውም ፕሮግራም ማለቁ የተረጋገጠ ነው። ሊጻፉበት የማይችሉ ስሌቶች አሉ፤ ሆኖም የደመወዝ፣ የግብር፣ የወለድና የዘመን አቆጣጠር ስሌቶች ሁሉ ያለ ችግር ይገቡበታል። የሚገርመው ይኸው ሪቺ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤል ላብራቶሪ የሲን ቋንቋ ፈጠረ። ሲ ደግሞ ያለ ገደብ መደጋገምን ለፕሮግራም ጸሐፊው እንደ ልቡ የሚሰጥ ነው። ደካማውን ቋንቋ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ለሥራ ብርቱውን መረጠ ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ የኮምፒዩተርን ዋና ሥርዓት ለመጻፍ ገደቡ አይመችም።

ያለ ገደብ መደጋገም አላስፈላጊ በሆነበት ቦታ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ታይቷል። በዚያ ዕለት ዙን የተባለው የማይክሮሶፍት ሙዚቃ ማጫወቻ 30 ጊጋባይቱ ሞዴል በየቦታው ደርቆ ቀረ። ምክንያቱ የቀን አቆጣጠር ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ጠቅላላ የቀናቱን ብዛት ይዞ፣ ቁጥሩ ከ365 እስከበለጠ ድረስ የአንድ ዓመት ቀናት እየቀነሰ ዓመቱን ይፈልጋል። ዓመቱ 366 ቀን ያለው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከ366 ሲበልጥ ብቻ ይቀንሳል። በ366ኛው ቀን ቁጥሩ ከ365 ስለሚበልጥ ከዙሩ አይወጣም፤ ከ366 ስለማይበልጥ አይቀንስም። ስለዚህ ባለበት ይሽከረከራል። ይኸው ፕሮግራም ለእኛ ዘመን አቆጣጠር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሚደርቀው ጳጉሜን 6 ቀን፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር።

ጉዳዩ ለኛ አገር ባለሙያ ሩቅ አይደለም። እዚህ የሚሠራ የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሁሉ ማለት ይቻላል ቀንን ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ መመለስ አለበት። ተማሪዎቼ ሲጽፉት አብዛኞቹ እንደ ዙን ዓመት በዓመት እየቀነሱ ይዞራሉ። አያስፈልግም። ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትርፉን ጥሎ መደመር፣ ያለፉትን ወሮች በ30 አባዝቶ መደመር፣ በመጨረሻ ቀኑን መጨመር ነው። አንድ መስመር ይበቃል፤ ጳጉሜን 6ም በውስጡ ሳይጠሩት ይገኛል።

በየዕለቱ የምንገለገልባቸው ደካሞች

ሳናውቀው በየዕለቱ ብዙ «ደካማ» ቋንቋዎችን እንጠቀማለን። *127# ደውለን ቴሌብር ስንከፍት የሚመጣልን ምርጫ በንድፈ ሐሳቡ ቋንቋ ውሱን ማሽን ይባላል፤ አሁን የትኛው ገጽ ላይ እንዳለን ያውቃል፤ የምንጫነው ቁጥር ወደ ቀጣዩ ይወስደዋል። የስልክ ቁጥር ወይም የሰሌዳ ቁጥር በትክክል መጻፉን ለማጣራት ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የፊደል ንድፍ አጻጻፍም ከዚሁ ወገን ነው። እስቲቨን ክሊኒ በ1950ዎቹ ያጠናው፣ ኬን ቶምፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ ያዋለው ነው። ውሱን ማሽን አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚሄድን ቅንፍ ያለ ገደብ መቁጠር አይችልም። ስለዚህ የድረ ገጽ ጽሑፍን በዚህ ዘዴ ሊተነትን የተነሣ ባለሙያ ቶሎም ይሁን ዘግይቶ መቸገሩ አይቀርም። ለዚያ የሚሆነው ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1956 ከደረደራቸው የሰዋስው ደረጃዎች ቀጣዩ ነው።

ኤክሴልም ጥሩ ምሳሌ ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የሚጽፉት ቀመር ተመልሶ ራሱን ከጠራ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ በዚህም የተነሣ ተራው ቀመር ማለቁ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020 ማይክሮሶፍት «ላምዳ» የተባለ አዲስ ተግባር ሲያስተዋውቅ ግን የኤክሴል ቀመር ከሁለገብ ቋንቋዎች ተርታ ገባ። ስሙ ከቸርች ጽሑፍ በቀጥታ የመጣ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ ጥቅም መሆኑ አያከራክርም። በዚያው ልክ ግን የማያልቅ ቀመር የመጻፍ ዕድልም አብሮ ተሰጥቶታል።

ንድፈ ሐሳቡ የማይነግረን

በሌላ በኩል፣ ሁሉም እኩል ናቸው የሚለውን ይዞ «እንግዲያው የፈለግነውን እንምረጥ» ማለት ስሕተት ነው። ንድፈ ሐሳቡ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ማስታወሻ መጠን፣ በከተማው ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ጠጋኝ ስለመገኘቱ አይናገርም። በሁለት ጉድጓድ የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀት በንድፈ ሐሳብ ይቻላል፤ ወሩ ግን አይጠብቅም። ጋምቤላ ውስጥ ርካሽ ስልክ ላይ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ መሥራት ያለበት ፕሮግራም ከአዲስ አበባው የሚለይባቸው ነጥቦች ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው።

ደግሞም ቱሪንግ ያሰበው ማሽን ጥያቄ ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ መልስ ሰጥቶ የሚያቆም ነው። የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ወይም የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ግን ማቆሙ ነው ብልሽቱ። ለዚህ ዓይነቱ፣ ከብዙ ወገን እየተቀበለ ለብዙ ወገን ለሚመልስ ሥራ፣ ሌሎች ንድፈ ሐሳቦች መጥተዋል። ካርል ሂዊትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት፣ ሮቢን ሚልነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ይገኙበታል።

ለተማሪዎቼ በመልመጃነት የምሰጠው ፕሮግራም አለ። በክረምት የባሮን ከፍታ በየሰዓቱ ተቀብሎ፣ ውኃው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ለወንዙ ዳር ነዋሪዎች የስልክ መልእክት የሚያዘጋጅ ነው። ቋንቋውን እነርሱ ይመርጣሉ፤ አልከራከራቸውም። ኮዱን ሲያስረክቡኝ ግን ከውጭ ያለውን፣ የሚቀጥለውን ልኬት የሚጠብቀውን አንዱን ዙር አክብበው «ይህ እንዳይቆም» ብለው እንዲጽፉበት አዛለሁ። ከእርሱ በታች ያሉት ዙሮች ሁሉ ደግሞ በጎናቸው፣ ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ በቁጥር ይጻፍባቸዋል። ቁጥሩን መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ያንን ክፍል እንደገና ሠርቶ ይመጣል።